የጭነት መኪናውን ከመከራየታችሁ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በጎርፍ ለተፈናቀሉ ሰዎች 40 የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተናል። በተጨማሪም ልብስ፣ ጫማ፣ ከየቤታችን የተረፈ መድኃኒት፣ የታሸገ ውሃና የሕፃናት የዱቄት ወተት ሰብስበናል። በድርጅት በኩል ብንልከው መንገድ ላይ ይቀራል ብለን ስለሰጋን መኪና ተከራይተን ቅዳሜ ራሳችን ሄደን ልናከፋፍል ነው። አስከሬን ስላለ ወረርሽኝ ይነሳል ይባላልና ምን መከላከያ እንያዝ? ሌላስ ምን ብንጨምር ይሻላል?»

መጨመሩን ተዉት፤ መቀነስ ነው ያለባችሁ። ከዘረዘራችሁት ውስጥ ሳላመነታ ይላክ የምለው ገንዘቡን ብቻ ነው። ልብሱና ጫማው ለተቀባዩ ሥራ ይጨምርበታል። የታሸገው ውሃ መኪናውን ይሞላል እንጂ ጥም አይቆርጥም። መድኃኒቱና የዱቄት ወተቱ ግን ጭራሽ ሰው ሊጎዱ ይችላሉ።

አደጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ምንም የሌለው ሕዝብ ስለሆነ፣ የተገኘውን ሁሉ ማድረስ ተገቢ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዕቃው በላይ የሚያጥረው ግን ዕቃው የሚያልፍበት ነገር ነው፦ ያልተቆረጠ መንገድ፣ ነዳጅ፣ የማያፈስ መጋዘን፣ የሚያወርድና የሚቆጥር ሰው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የዋና ከተማዋ ወደብ ተሰባበረ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ማኮብኮቢያ አንድ ብቻ ስለነበር እርዳታ የጫኑ አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ሲዞሩ ቆይተው ወደ ጎረቤት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለመሄድ ተገደዱ። በመኪናም ያው ነው። ያልተጠየቀ ካርቶን ቀድሞ ሲገባ፣ የተጠየቀው ወረፋ ይጠብቃል።

ልብሱን እንይ። ከ40 ቤት የተሰበሰበ ማዳበሪያ ሲዘረገፍ የሚወጣው ቅልቅል ነው፦ ወፍራም ካፖርት፣ የሠርግ ቀሚስ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ከሥር ደግሞ ሳይደርቅ ታጥፎ የገባ ፎጣ፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ አሻግቶት። ይህን በጾታ፣ በዕድሜ፣ በልክ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ተፈናቃይ መመዝገብ ወይም ምግብ ማደል የነበረበት ሰው ነው። ካልተለየ ሜዳ ላይ ይከመራል፤ ዝናብ ሲመታው የሚያነሳውም አይገኝ። ስለዚህ የሰበሰባችሁትን እዚያው በምትኖሩበት ሸጣችሁ ገንዘቡን ጨምሩበት። አዲስ፣ ያልተከፈተ፣ በልክ የተለየ የውስጥ ልብስ ቢጠየቅ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እውነትም ያጥራል።

ከየቤቱ የተሰበሰበ መድኃኒት አይላክም፤ በዚህ ላይ «ግን» የለም። ግማሹ የተዋጠ እሽግ፣ መመሪያው የጠፋ ሽሮፕ፣ በፀሐይ የከረመ ቅባት ማንም ሐኪም አምኖ አይሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ከተመታች በኋላ 5,000 ቶን ያህል መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጎረፈላት። የመጣው ምን ምን እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ ብቻ 50 ሰው ለ6 ወር ሠራ። 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ 4 በመቶውን ውርጭ አበላሸው። ከቀረው ውስጥ በቀላሉ ምንነቱ የታወቀው 30 በመቶው፣ ለድንገተኛ አደጋ የሚሆነው ደግሞ 42 በመቶው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነው፦ መድኃኒት የሚላከው ተቀባዩ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው መሆን አለበት፤ ለታካሚ ተሰጥቶ የተመለሰ ፈጽሞ አይላክም። የእናንተን በአግባቡ እንዲወገድ ለመድኃኒት ቤት አስረክቡ።

የዱቄት ወተቱ ሲያዩት ደግ ስጦታ ነው። ለመበጥበጥ ግን የፈላ ውሃ፣ ማገዶ፣ የተቀቀለ ጡጦና ትክክለኛ ልኬት ይጠይቃል፤ በመጠለያ ውስጥ አራቱ አንድ ላይ እምብዛም አይገኙም። እናት ከደነገጠች ጡቷ ይደርቃል የሚባለውም ስህተት ነው። ድንጋጤ የወተቱን መውረድ ለጊዜው ሊያዘገየው ይችላል፤ ሕፃኑ ደጋግሞ ከጠባ ግን ይመለሳል። ወተቱ በእርግጥ የሚቀንሰው ሕፃኑ በጡጦ ጠግቦ መጥባት ሲተው ነው። የተላከው ቆርቆሮ ሲያልቅ ሕፃኑ ጡቱንም ወተቱንም ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ በእርዳታ የመጣ የዱቄት ወተት የተሰጣቸው ሕፃናት ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በተቅማጥ የተያዙት እጥፍ ገደማ ነበሩ። እናት የሌለው ሕፃን ይኖራል፤ ለእሱ የሚወስነው ግን የጤና ባለሙያ ነው፣ አንድ በአንድ አይቶ። ሕፃኑን መርዳት የሚፈልግ ሰው እናቲቱን ያብላ፣ ውሃ ያቅርብላት፣ ተከልላ የምታጠባበት ጥግ ያዘጋጅላት።

ስለ ውሃው ሒሳቡን እንሥራው። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽህና ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፤ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ከ2.5 እስከ 3 ሊትር። 10 ቶን የሚጭን መኪና የጠርሙሱን ክብደት ብንተወው እንኳ 10,000 ሊትር ይይዛል። ያ ለ666 ሰው የአንድ ቀን ውሃ ነው፤ በማግስቱ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ተራ በረኪና ግን 1 ሊትሩ ያንኑ 10,000 ሊትር ውሃ ያክማል። የታሸገ ውሃ ቦታ የሚኖረው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ነው፤ ከዚያም በነዳጅ ወይም በኬሚካል የተበከለ ውሃ ብቻ ባለበት።

አሠራሩ ይህ ነው። ውሃው እንዲጠል ይተዉታል፣ ከላይ ያለውን ጠራ ያለ ውሃ በተደራረበ ንጹህ ጨርቅ ያጠሉታል። ለ1 ሊትር 2 ጠብታ በረኪና ይበቃል፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ወይም 2 ሚሊ ሊትር፣ እሱም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቀላሉ ይለካል። አንቀጥቅጠው 30 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ክዳኑ ሲከፈት ስስ የክሎሪን ሽታ ከሌለው መጠኑን አንዴ ይደግሙና 15 ደቂቃ ይቆያሉ። ካጠለሉትም በኋላ ደፍርሶ ከቀረ ከመነሻው እጥፍ ይደረጋል፤ ጭቃው ጀርሙን ከመግደሉ በፊት ክሎሪኑን ስለሚበላው ነው። የሚበላሸው እንዴት እንደሆነም ልንገራችሁ፦ ሽቶ የገባበት በረኪና ይገዛል፤ ፀሐይ ላይ ለወራት ቆሞ ኃይሉ ያለቀ ይገዛል፤ ወይም ሁሉም በትክክል ተሠርቶ ውሃው አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ይቀመጥና የሁሉም እጅ ይገባበታል። ስለዚህ ከበረኪናው እኩል ክዳንና ጠባብ አፍ ያለው ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት፣ አንዱ መቅጃ አንዱ ማስቀመጫ። ነዳጅ የተቀላቀለበትን ውሃ ክሎሪንም ማፍላትም አያድነውም።

የአስከሬኑ ጉዳይ በየአደጋው የሚነሳ የተሳሳተ ፍርሃት ነው። በጎርፍ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ የሞተ ሰው በአብዛኛው በጉዳት ወይም በመስጠም ነው የሞተው፤ ወረርሽኝ ይዞ አልሞተም። ጥንቃቄ የሚያሻው ሰውየው ቀድሞውኑ እንደ ኮሌራ ወይም ኢቦላ ባለ በሽታ ሞቶ ከሆነ፣ ወይም አስከሬኑ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ካለ ነው። አስከሬን የሚያነሱ ሰዎች ጓንትና ቦቲ ይልበሱ፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ኖራ መበተን አይጠቅምም። ፍርሃቱ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እውነተኛ ነው፦ ሟቾች ሳይለዩ በጅምላ ይቀበራሉ፤ ዘመድ የማን መቃብር እንደሆነ ሳያውቅ ይኖራል፤ ውርስና የሞት ማስረጃ ለዓመታት ይንጠለጠላል። ከመቀበሩ በፊት ፊቱን፣ ልብሱንና የተገኘበትን ቦታ ፎቶ አንስቶ ቁጥር መስጠት ይህን ሁሉ ያድናል።

ወረርሽኝ የሚነሳው በሕይወት ካሉት ነው፤ ተጨናንቀው ከሰፈሩ፣ መጸዳጃ ካጡ፣ ሳሙና ከሌላቸው። ስፊር በአደጋው መጀመሪያ ለ50 ሰው 1 መጸዳጃ፣ ቶሎም ለ20 ሰው 1 እንዲሆን ይላል። ሳሙና በወር ለአንድ ሰው 250 ግራም ለገላ፣ 200 ግራም ለልብስ። ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚሞተው ፈሳሽ ስላለቀበት ነው፤ የጠፋውን ፈሳሽና ጨው የሚተካው የታሸገ ዱቄት (ኦአርኤስ) ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት ነው። ጨው ማብዛት ሕፃንን ይጎዳል፤ ተጠራጥራችሁ ከሆነ አሳንሱ። እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ የጀመረው ሰው ግን በሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ስለሚችል፣ መንገድ ላይም እያጠጡት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከጎርፍ የተረፉ ሦስት ቤተሰቦች ሦስት የተለያየ ነገር ይጎድላቸዋል። አንዱ ቆርቆሮና ሚስማር፣ ሌላው ልጁን ሐኪም ቤት የሚያደርስበት፣ ሦስተኛው የምትሞት ላሙን የሚያተርፍበት መኖ። ሦስቱንም የሚመልስ ካርቶን የለም። በተጨማሪ እዚያው ሲገዛ፣ ሱቁ ግማሽ የተወሰደበት ነጋዴም ይነሳል። «ለመጠጥ ያውሉታል» የሚለው ስጋት የተለመደ ነው፤ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ግን ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች መጠጥና ሲጋራ ላይ የሚያወጡት መጨመሩን አላሳዩም።

ገንዘብ የማይሠራበት ቦታም አለ። ከመላኩ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አራት ነገር ይጠይቅ፦ በአቅራቢያ ክፍት ሱቅ አለ ወይ? ዕቃ ሲያልቅበት እንደገና ያመጣል ወይ? ዋጋው ከአደጋው በፊት ከነበረው ምን ያህል ጨመረ? ሴቶችና አረጋውያን ገበያው ድረስ ያለ ስጋት ይደርሳሉ ወይ? መንገዱ ተቆርጦ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ገንዘብ ማደል ዋጋ ማናር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ዕቃ ይግባ። በስልክ ማስተላለፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስልኩን ጎርፍ ከወሰደው፣ ኔትወርክ ከሌለና መታወቂያው ከጠፋ ዋጋ የለውም። መጠኑ በቤተሰብ ቁጥር ይወሰን፤ ማን ስንት እንደሚያገኝ በግልጽ ይለጠፍ። ያለቀሰው ብዙ፣ ዝም ያለው ትንሽ የሚያገኝበት እደላ ጎረቤት ያጣላል።

«መንገድ ላይ ይቀራል» ላላችሁት፣ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን መኪና መከራየት አይደለም። የምትመርጡት አካል ከአደጋው በፊትም እዚያ ይሠራ የነበረ ይሁን፤ መንደሩንና ሰውን ያውቃልና። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ይሁን እንጂ በግለሰብ ስም አይሁን። ደረሰኝ ይስጥ፤ ለስንት ቤተሰብ ምን እንደዋለ መቼ እንደሚያሳውቅ ቀን ይቁረጥ። «መቶ በመቶው ለተጎጂ ይደርሳል» የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። መጋዘን፣ ነዳጅና መዝጋቢ ነጻ አይደሉም፤ ወይ ሌላ ሰው እየከፈለለት ነው ወይ ሒሳቡን አያውቅም። ገንዘቡን ስትልኩም «ለብርድ ልብስ ብቻ» ብላችሁ አትገድቡት። ብርድ ልብሱ በሌላ ለጋሽ ተሞልቶ መጸዳጃ ሊጎድል ይችላል።

ተቀባዩ ራሱ ዕቃ ብሎ ቢጠይቃችሁ አንድ ዓይነት ብቻ መርጣችሁ በብዛት ላኩ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሸራ ነው። 4 በ6 ሜትር የሆነ፣ ተሸምኖ በሁለት ወገን የተለበጠ ይሁን፤ ስሱ ፕላስቲክ በፀሐይና በነፋስ ቶሎ ይበጣጠሳል። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ስለሚያስፈልግ ለ5 ሰው ቤተሰብ 17.5 ይሆናል። አንድ ሸራ ጣሪያውን፣ ሁለተኛው ግድግዳውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሁለት። ሸራ የሚቀደደው ሚስማር ከተመታበት ነው። ሚስማሩ በሸራው ላይ ብቻ አይመታ፤ ከላዩ ቀጭን ጣውላ ተጋድሞ በእሱ ላይ ይመታ። የገመድ ማስገቢያ ቀለበት በሌለበት ጠርዝ ላይ የእንቁላል ያህል ለስላሳ ድንጋይ ሸራው ውስጥ ጠቅልሎ አንገቱን በገመድ ማሰር ነው፤ ነፋስ ሲጎትተው ይጠብቃል እንጂ አይቀደድም። ገመድ ሳይላክ የተላከ ሸራ ምንጣፍ ሆኖ ይቀራል፤ ለሁለት ሸራ ቢያንስ 30 ሜትር ገመድ አስቡ።

ካርቶኑ ከ25 ኪሎ አይብለጥ፤ የሚያወርደው የሰው ጫንቃ ነው። አንድ ካርቶን ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ ይግባ፤ በሁለት ጎኑ ይዘቱ፣ ብዛቱ፣ ካለው የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑና የተቀባዩ ስም ይጻፍ። ከላይ ብቻ ከተጻፈ ሲደራረብ አይታይም። ውሃ በማይለቀው እስክሪብቶ ይሁን።

ቅዳሜ ራሳችሁ መሄዱን ግን ሰርዙ። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ቆሞ የሚሄድ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና፣ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ከውሃው ሥር መንገዱ ይኑር አይኑርም አይታይም። 40 ሰው ሲደርስ 40 አፍ፣ 40 መኝታና 40 መጸዳጃ ፈላጊ ደረሰ ማለት ነው። እደላው ደግሞ የባሰ ነው። 200 ቤተሰብ ባለበት 150 እሽግ ይዞ መጀመር ግርግር መጥራት ነው። ከመኪና ላይ ሲወረወር የሚይዘው ጉልበተኛው ነው፤ ሕፃን ያዘለችውና በምርኩዝ የቆመው ወደ ኋላ ይገፋሉ። በወጉ የሚያድል ሰው ቀድሞ ይመዘግባል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ አቅመ ደካሞችን በሌላ ሰልፍ ያስተናግዳል፣ ሰው ይዞ ቤቱ እስኪገባ እንዳይጨልምበት ከቀትር በፊት ይጀምራል። ይህ በአንድ ቅዳሜ አይሠራም።

ፎቶም አለ። የተቀባይ ፊት የእናንተ ማስረጃ አይደለም፤ የሚያከፋፍለው አካል የፈረመበት ዝርዝር ይበቃል። ከመካከላችሁ ብቻውን የተገኘ ልጅ ወስዶ ላሳድግ የሚል ቢኖር ደግሞ አቁሙት። በመጀመሪያው ትርምስ ወላጅ አልባ ከሚመስሉት ብዙዎቹ ወላጅ ወይም ዘመድ አላቸው። ልጁ ካለበት ከራቀ ፈላጊው አያገኘውም። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ቤተሰብ የማገናኘት ሥራ አላቸው፤ ወደዚያ ይመዝገብ።

ጉልበታችሁ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል፤ ውሃው ሲጎድልና የቤት ጭቃ መዛቅ ሲጀመር። ያን ጊዜ 10 ሰው ሆናችሁ፣ ምግባችሁንና ውሃችሁን ይዛችሁ፣ የሚያሰማራችሁ አካል በሰጣችሁ ቀን ሂዱ። ሶሉ የጠነከረ ቦቲ፣ ወፍራም ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ ያዙ፤ የቴታነስ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ ከሆነ አስቀድማችሁ ተከተቡ። መብራቱ ከዋናው መቆጣጠሪያ መጥፋቱ ሳይረጋገጥ ማንም እርጥብ ቤት አይግባ። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይሥራ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በረኪና ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አይቀላቀል። ከአካፋው በፊት ደግሞ ባለቤቱን ጠይቁ። ለእናንተ ጭቃ የበላው ወረቀት የመሰለው የቤት ካርታ ወይም የሟች እናት ፎቶ ሊሆን ይችላል። በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ አለቅልቆ፣ ሳይፋቅ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግቶ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ያተርፈዋል።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ዛሬ እዚያ ለሚሠራ አንድ አካል ደውላችሁ «ምን ሞላ? ምን ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልብሱን ሽጡ፣ መድኃኒቱን አስወግዱ፣ ያልተከፈተውን የዱቄት ወተት ለገዛችሁበት መልሱ፣ የመኪናውን ኪራይ ወደ መዋጮው ጨምሩ። ከጠቅላላው ግማሹን በዚህ ሳምንት ላኩ። ሌላውን ግማሽ ሁለት ሰው በሚፈርምበት ሒሳብ አስቀምጡና በ3ኛው ወር ገደማ እንደገና ደውሉ። ያን ጊዜ ካሜራው ሄዷል፣ ለጋሹ ደክሟል፤ ሰዎቹ ግን ዘር፣ የቤት ክዳን፣ የልጅ ደብተር የሚፈልጉት ገና ያኔ ነው። ሁለተኛው ስልክ እንዳይረሳ ቀኑን አሁኑኑ ጻፉትና የሚደውለውን ሰው በስም ምረጡ።